የውሃ ቀለም ይዞ ደጅ መውጣት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እህቴ ከውጭ ስትመጣ አሪፍ የውሃ ቀለም ይዛልኝ መጣች። ቤት ውስጥ ከፎቶ ላይ ስስል ምንም አይልም። ደጅ ስወጣ ግን ሰማዩን ቀብቼ ሳልጨርስ ቀለሙ ይደርቅና መስመር መስመር ይሠራብኛል። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ዙሪያዬን ሮቶ፣ ዲሽና የተሰጣ ልብስ ነው። ሰውም ይከበኛል። እንጦጦ ልሂድ እንዴ? (ስሜ ይቅር፣ ከጀሞ)

መልስ፦ አትሂጂ፣ ቢያንስ ለጊዜው። እንጦጦ ላይ ከተማው በሙሉ ከሥርሽ ይዘረጋል፤ የቱን ልያዝ የቱን ልተው ስትዪ ፀሐዩ አናትሽ ላይ ይደርሳል። ደረጃችሁ ላይ ብትቀመጪ ይሻልሻል። የናቅሽው የተሰጣ ልብስ እኮ ምርጥ ትምህርት ነው። ነጭ አንሶላ ስትስዪ ነጭ ቀለም አያስፈልግሽም፤ ወረቀቱን ባዶውን ትተይና የእጥፋቱን ጥላ ብቻ ትቀቢያለሽ። ለጥላው አልትራማሪን (ደማቁን ሰማያዊ) እና በርንት ሲየና (ቀላ ያለውን ቡናማ) ቀላቅለሽ ውሃ አብዢበት፤ ረጋ ያለ ግራጫ ይወጣል። እዚያው ድብልቅ ላይ ውሃውን ቀንሰሽ ቀለሙን ብታወፍሪው ደግሞ ሮቶውን ይሠራልሻል። ከቱቦ የሚወጣውን ጥቁር እኔ አልወደውም፣ የሞተ ነገር ነው።

ወደ መድረቁ እንምጣ። ቀለምሽ ምንም አልሆነም፣ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ነፋሱ ሲጨመርበት ቀጭን ቀለም ወዲያው ይጠጣል። እርጥበት ባለበት አገር የተቀረጹ የዩቲዩብ ትምህርቶች «እስኪደርቅ ታገሺ» ሲሉሽ አትስሚያቸው፣ የአንቺ ችግር ተቃራኒው ነው። ወረቀቱን ጥላ ውስጥ አድርጊ። ይህ ለመድረቁ ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ወረቀቱ ስለሚያበራ ቀለሙን ሳታውቂው ታጠቁሪዋለሽ፣ ቤት ገብተሽ ስታዪው ድንግዝግዝ ብሎ ይጠብቅሻል። የሰማዩን ቀለም ብሩሹ ወረቀት ከመንካቱ በፊት አትረፍርፈሽ በጥብጪ፣ መሀል ላይ አልቆ እንደገና መበጥበጥ ነው መስመሩን የሚያመጣው። የወረቀቱን ጀርባም አርጥቢው። ብሩሹ ትልቅ፣ ወረቀቱ ትንሽ ይሁን፤ የደብተር ግማሽ ይበቃል። ከፋርማሲ የሚገዛውን ግሊሰሪን ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃሽ ውስጥ ብትጨምሪም ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም። ካበዛሽው ግን ተጣብቆ ይቀርና አቧራውን ሁሉ ይሰበስብልሻል።

ሰዓቱንም ምረጪ፤ ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ። በቀትር ጥላው እግር ሥር ይገባል፣ በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በትክክል በአናታችን ላይ ስለምታልፍ ግድግዳና ቆርቆሮ ዝርግ ሆነው ይታያሉ። ጥላ ከሌለ ምኑን ትስያለሽ? ጠዋትም ቢሆን ጥላው እየሄደ ስለሆነ ስትጀምሪ ቅርጹን በእርሳስ ያዢው፣ ከዚያ በኋላ ቢንቀሳቀስም አትከተዪው።

የሰው ነገር ቀላል ነው፣ ጀርባሽን ለግድግዳ ስጪ። ከኋላ ቆሞ የሚያይ ነው የሚረብሸው፣ ፊት ለፊት ያለው ቶሎ ይሰለቻል። ልጆቹ «የእኛን ቤት ሳዪው!» ይሉሻል፣ ያው ሞዴል ሆኑልሽ ማለት ነው። የግቢውን ጥበቃ ግን ሳትቀመጪ በፊት ሰላም ብለሽ ምን እንደምትሠሪ ንገሪው። ከመሥሪያ ቤትና ከኤምባሲ አጥር ሥር አትቀመጪ፤ ለአንዲት ሥዕል ብሎ ማን ሲጠየቅ ይውላል?

ጥያቄ፦ በተራ የሥዕል ደብተር ነው የምሠራው፣ ውሃ ሲነካው ይጎረብጣል። ውድ ወረቀት መግዛት ግዴታ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ግዴታ አይደለም፣ ግን ቀለም ላይ ከምታወጣው ይልቅ ወረቀት ላይ አውጣ። ለውሃ ቀለም 300 ግራም የሚባለው ውፍረት ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ትልቁን ገዝተህ አራት ቦታ ቁረጠው። ካልተገኘ ያለህን ወረቀት በደንብ አርጥበህ ጣውላ ላይ ዘርጋውና አራቱንም ጠርዝ ውሃ ሲነካው በሚጣበቀው የወረቀት ቴፕ ለጥፈህ አሳድረው። ሲደርቅ ይወጠራል። ሥዕሉ ጨርሶ ሳይደርቅ እንዳትነቅለው ብቻ።