የካሜራ ሴንሰር ድራይቨር፦ ማብራትና ማጥፋቱ አንድ ቦታ ይሁን

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ከሽመና ማሽን የሚወርድ ጨርቅ ላይ ጉድለት የሚለቅም ካሜራ እየሠራን ነው። የምንሞክራቸው ሴንሰሮች ሶኒ አይኤምኤክስ 219 እና ኦምኒቪዥን ኦቪ 5640 ሲሆኑ፣ ድራይቨሮቹን (የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ሴንሰሩን የሚያዝባቸውን ኮዶች) ከቆየ ኮድ ወስደን ነው ያሻሻልናቸው። ሬጉሌተር (ቮልቴጅ ሰጪ) የሚያበራው፣ ክሎክ (የጊዜ ምት) የሚከፍተውና ሪሴት (ዳግም ማስጀመሪያ እግር) የሚለቀው ኮድ በሁለቱም ውስጥ አራት አምስት ቦታ ተደጋግሟል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ስለምንሠራ ሴንሰሩ ሥራ ሲፈታ እንዲተኛ እንፈልጋለን፤ አንዳንዴ ግን ቀረጻው ቆሞም አይተኛም። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ አለመተኛቱና ድግግሞሹ የሚነጣጠሉ አይደሉም። ማብሪያው አምስት ቦታ ከተጻፈ ማጥፊያውም አምስት ቦታ መኖር አለበት፤ ስህተት ሲፈጠር ኮዱ የሚወጣባቸው መንገዶች ሲታከሉ ቁጥሩ ይበዛል። አንዱ ላይ ማጥፊያው ይረሳል፣ ሌላው ላይ ሁለቴ ይጠፋል።

በየድራይቨሩ አንድ «ፓወር ኦን» እና አንድ «ፓወር ኦፍ» ፈንክሽን ብቻ አስቀሩ። እነዚህን የከርነሉ ራንታይም ፒኤም (ሥራ የፈታ መሣሪያን የሚያስተኛው ክፍል) እንዲጠራቸው አስመዝግቡ። ቀረጻ የሚጀምረውም ሆነ ሬጂስተር (የሴንሰሩን ቅንብር የሚይዝ ቦታ) የሚያነበው ኮድ ከእንግዲህ ሬጉሌተር አይንካ፤ ሲፈልግ የአጠቃቀም ቆጣሪውን ከፍ ያድርግ፣ ሲጨርስ ዝቅ ያድርግ። ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ ማጥፋቱ የከርነሉ ፈንታ ነው። በድሮ ድራይቨሮች የምታገኙት «ኤስ ፓወር» የሚባል የቪ4ኤል2 (የሊኑክስ ቪዲዮ ማዕቀፍ) ጥሪም ይውጣ፤ መጀመሪያ ግን ምስሉን የሚቀበለው የሲኤስአይ (የካሜራ መስመር) ድራይቨር እሱን እንደማይጠብቅ አረጋግጡ።

ለ219 «ፓወር ኦን» እንዲህ ይሄዳል፦ ሦስቱ ሬጉሌተሮች (2.8፣ 1.8 እና 1.2 ቮልት) ይበራሉ፣ 24 ሜጋኸርትዝ ክሎክ ይከፈታል፣ ሪሴቱ ይለቀቃል፣ ከዚያ ከ6.2 እስከ 7.2 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። ክሎኩ እምቢ ካለ የበሩትን ሬጉሌተሮች አጥፍቶ ስህተቱን መመለስ ነው። «ፓወር ኦፍ» የዚህ ተገላቢጦሽ ነው።

ሦስቱን ሬጉሌተሮች በየተራ ከመጥራት «ሬጉሌተር ባልክ ኢኔብል» በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፤ አንዱ ካልበራም የበሩትን ራሱ ያጠፋል። ወጥመዱ ሁሉንም ባንዴ ማስነሳቱ ነው፤ በዝርዝሩ ተራ እንደሚበሩ ዋስትና አይሰጥም። ለ219 ችግር የለውም፣ የከርነሉም ድራይቨር የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ዳታሺቱ (የአምራቹ ቴክኒክ ሰነድ) «ይኼኛው ቮልቴጅ ይቅደም» የሚል ሴንሰር ከገጠማችሁ ግን ለየብቻ አብሩ። በዚህ ቦታ ኮድ ማሳጠር ትርፍ የለውም።

ወደ እንቅልፍ ማጣቱ እንምጣ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቆጣሪውን ከፍ አድርጎ ሴንሰሩን የሚያነቃው «ፒኤም ራንታይም ጌት ሲንክ» ነው። ይህ ጥሪ ቢከሽፍም ቆጣሪውን ከፍ አድርጎ ነው የሚተወው። ጠሪው ስህተቱን አይቶ ዝም ብሎ ከተመለሰ ቆጣሪው ዳግም ዜሮ አይደርስም፣ ሴንሰሩም አይተኛም። ከከርነል 5.10 ጀምሮ ያለው «ሪዙም ኤንድ ጌት» ሲከሽፍ ቆጣሪውን ራሱ ይመልሳል፤ ሁሉንም በእሱ ተኩ። በስህተት መንገዱ ላይ ቆጣሪውን ዝቅ የሚያደርገው «ፑት ኖአይድል» ተጽፎ ካገኛችሁ አብራችሁ አንሱት፤ ከተረሳ ቆጣሪው ሁለቴ ይቀንሳል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቀረጻ ማስጀመሪያው ነው፦ ቆጣሪው ከፍ ካለ በኋላ የሬጂስተር ጽሑፍ ሲከሽፍ፣ መውጫው ላይ «ፑት» (ቆጣሪውን ዝቅ የሚያደርገው ጥሪ) አለ ወይ?

ለማረጋገጥ በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ የመሣሪያዎችን ሁኔታ በፋይል የሚያሳይበት) ውስጥ የመሣሪያውን «ፓወር» ማህደር ክፈቱ። ቀረጻው ከቆመ በኋላ «ራንታይም ስታተስ» የሚለው ፋይል «ሰስፔንድድ» ማለት አለበት። «አክቲቭ» ብሎ ከቀረ ኮዱን ከመውቀሳችሁ በፊት «ኮንትሮል» የሚለውን ፋይል እዩ፤ ለሙከራ «ኦን» ተብሎ ተረስቶ ከሆነ መቼም አይተኛም፣ «ኦቶ» መሆን አለበት። ቆጣሪውን ራሱን ማየት ከፈለጋችሁ ከርነሉ የፒኤም ጥልቅ ዲበግ አማራጩ በርቶ መገንባት አለበት።

አንድ ነገር እንጨምር። 5640 ሪሴቱ ከተለቀቀ በኋላ 20 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ ላዩ ላይ የሬጂስተር ጽሑፉ አለ። ጨርቁን በየ200 ሚሊሰከንዱ የምታነሱት ከሆነ በየፎቶው መሐል ማጥፋት ኪሳራ ነው። ኦቶሰስፔንድን (ሥራ ከፈታ በኋላ እስኪተኛ የሚጠበቀውን ጊዜ) 1000 ሚሊሰከንድ አድርጋችሁ ጀምሩና በባትሪው ላይ ለኩ።

ፕሮብ ላይ (ከርነሉ ድራይቨሩን ከሴንሰሩ ጋር ሲያገናኝ) ደግሞ «ፓወር ኦን»ን በቀጥታ መጥራት አይቀርም፤ የሴንሰሩን መታወቂያ ማንበብ ያስፈልጋልና (219 በሬጂስተር ዜሮ ላይ ሄክስ 0219 ይመልሳል)። ቅደም ተከተሉ፦ አብሩ፣ መታወቂያውን አንብቡ፣ «ሴት አክቲቭ»፣ «ኢኔብል»፣ ምዝገባው ሲያልቅ «አይድል»። «ሴት አክቲቭ»ን ከዘለላችሁ ከርነሉ የበራውን ሴንሰር እንደጠፋ ቆጥሮ ዳግም ያበራዋል፤ የሬጉሌተሩ ቆጠራ ሁለት ይሆንና አንዴ ማጥፋት አያጠፋውም። ድራይቨሩ ሲነቀል «ዲስኤብል» ካደረጋችሁ በኋላ ሴንሰሩ ቀድሞ ካልተኛ ብቻ «ፓወር ኦፍ»ን ጥሩ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ እንግዲያው ለሁሉም ሴንሰር የሚሆን አንድ የጋራ የፓወር ፋይል ብንጽፍስ?

መልስ፦ አንመክርም። ፈንክሽኖቹ ላይ ላዩን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ቅደም ተከተሉ፣ የመጠበቂያው ጊዜ፣ የሪሴቱ አቅጣጫና የፓወር ዳውን እግር መኖር አለመኖሩ ግን የየሴንሰሩ ነው። የጋራው ፋይል ውሎ አድሮ በ«ይህ ሴንሰር ከሆነ» ይሞላል፣ ለአንዱ የታረመው ሌላውን ይሰብራል። በአንድ ቤተሰብ ላሉ ሴንሰሮች የሬጉሌተር ስሞችንና የመጠበቂያ ጊዜን በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ይበቃል። ያለ ስጋት የጋራ ሊሆን የሚችለው የሬጂስተር ማንበቢያና መጻፊያው ነው፤ ለዚያም ከከርነል 6.6 ጀምሮ «ሲሲአይ» የሚባሉ ዝግጁ ፈንክሽኖች አሉ፣ ባለ 8ም ባለ 16 ቢትም ሬጂስተር ይይዛሉ። በየድራይቨሩ የተጻፉትን «ሪድ ሬግ» እና «ራይት ሬግ» በእነሱ ብትተኩ ብዙ መስመር ይወጣል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ በራስበሪ ፓይ ላይ ቀረጻ ሳይጀመር ጌይን (የምስሉን ምልክት ማጉያ) ስንቀይር ስህተት 121 ይመጣል። ሽቦው ነው?

መልስ፦ ስህተቱ ቀረጻ ሲጀመር ከጠፋ ሽቦው አይደለም፤ የተኛ ሴንሰር በአይቱሲ (ሬጂስተር በሚጻፍበት መስመር) አይመልስም። በ«ኤስ ኮንትሮል» (ጌይንን የመሰለ ቅንብር ሲቀየር የሚጠራው ፈንክሽን) መጀመሪያ ላይ፣ ሴንሰሩ ሥራ ላይ ከሆነ ብቻ ቆጣሪውን ከፍ የሚያደርገውን «ጌት ኢፍ ኢን ዩዝ»ን ጥሩ። ዜሮ ከመለሰ ምንም ሳትጽፉ በዜሮ ውጡ፤ አዲሱን ዋጋ የኮንትሮል ማዕቀፉ ይይዘዋል። ካልሆነ ጻፉና «ፑት» አድርጉ። ቀረጻ ሲጀመር «ኮንትሮል ሃንድለር ሴትአፕ» የተጠራቀመውን ሁሉ ይጽፋል፤ ይህ ጥሪ ግን ሴንሰሩ ከበራና የሞዱ (የተመረጠው የምስል መጠን) ሬጂስተሮች ከተጻፉ በኋላ መሆን አለበት፣ ከቀደመ የሞዱ ሠንጠረዥ የመረጣችሁትን ጌይን ይደመስሰዋል።