የፋርማሲ ተማሪ የሰውን ባዮሎጂ እንዴት ያጥና?

ውድ ጠያቂ፣

የፋርማሲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንደሆኑ፣ ኬሚስትሪ እንደሚወዱና የሰው ባዮሎጂ ግን በስም ብዛት እንዳሰለችዎ ገልጸው፣ «መድኃኒቱን ካወቅሁ የአንጀትና የኩላሊት ዝርዝር ምን ያደርግልኛል? ትምህርት ክፍል ብቀይርስ?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ የምመክርዎ በቅድሚያ የአጠናን ዘዴዎን እንዲቀይሩ ነው።

ናይትሮግሊሰሪንን እንመልከት። የልቡ ደም ሥሮች ጠበው ደረቱን የሚያመው ሰው ክኒኑን ከምላሱ ሥር እንዲያስቀምጥ ይነገረዋል። ቢውጠው፣ ከአንጀት የሚነሳው ደም ወደ ሌላው ሰውነት ከመሰራጨቱ በፊት በጉበት ስለሚያልፍ፣ አብዛኛው መድኃኒት እዚያው ተሰባብሮ ይቀራል፤ ከምላስ ሥር ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ግን በጉበት ሳያልፉ ወደ ልብ ያደርሱታል። «አይዋጥም» የሚለውን ማንም ከማሸጊያው ላይ ያነበዋል። ታማሚው «ብውጠውስ ምን ይሆናል?» ሲል መልስ የሚኖረው ግን የደሙን መንገድ የተማረ ፋርማሲስት ነው።

ፕሮፕራኖሎልም እንዲሁ ነው። ይህን መድኃኒት ያስገኘው ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሲሆን፣ መድኃኒቱ የልብን ምት ዝግ የሚያደርገው በሕዋሳት ላይ ሆነው የሰውነትን መልእክት ከሚቀበሉት «ተቀባዮች» መካከል ቤታ የተባሉትን በመዝጋት ነው። በመተንፈሻ ቱቦዎች ላይም ቤታ ተቀባዮች ስላሉ፣ የአስም ሕመምተኛ ቢወስደው ቱቦዎቹ ሊጠብቡ ይችላሉ። የአስም መንፊያ የሚወስድ ሰው የፕሮፕራኖሎል ማዘዣ ይዞ ሲመጣ፣ መድኃኒቱን ከመስጠት በፊት ሐኪሙን ማነጋገር እንደሚገባ የሚያስታውስዎ ይህ እውቀት ነው።

ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ መድኃኒት ይምረጡና ከአፍ እስከ ሽንት ያለውን ጉዞ በአንድ ወረቀት ላይ ይሳሉ። በፓራሲታሞል ቢጀምሩ ደስ ይለኛል፤ የኬሚስትሪ ፍቅርዎም እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል። በጨጓራ አልፎ በዋናነት ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ይገባል። ጉበት ሲደርስ አብዛኛው ከሌሎች ውህዶች ጋር ተጣምሮ በቀላሉ በውኃ የሚሟሟ ይሆናል፤ ጥቂቱ ግን ወደ ጎጂ ውህድ ይለወጣል፤ ይህንንም ግሉታታዮን የተባለ፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ውህድ ያመክነዋል። መጠኑ እጅግ ሲበዛ ግሉታታዮን ያልቅና ጎጂው ውህድ የጉበትን ሕዋሳት ይገድላል። ይህን በእጁ የሳለ ተማሪ የጉበትን ሥራ ለፈተና ብሎ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ኩላሊት ላይ ሲደርሱ አይቸኩሉ። ጤናማ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርተው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ደም ይመልሱታል፤ በሽንት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ነው። ኩላሊታቸው ለደከመ ታማሚዎች የብዙ መድኃኒቶች መጠን የሚቀነሰው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እንዳይጠራቀም ነው።

ክፍል የመቀየሩን ጉዳይ ስምንት ያህል እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን እስኪሠሩ ያቆዩት። ከዚያ በኋላም ትምህርቱ ካልሳበዎ ወረቀቶቹን ይዘው ይምጡ፤ የትኛው ጣቢያ ላይ እንደሚሰለቹ አብረን አይተን፣ ኬሚስትሪ ይሻልዎት እንደሆነ ያን ጊዜ በእርግጠኝነት እንነጋገራለን።