ስለ ባለ ክንፍ ኦክቶፐስ (ዱምቦ) ጥያቄ ያለው ይምጣ

ጋሽ ፍሬ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ሰዓት አለሁ። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ የዳር ባህሩን ኦክቶፐስ ጠባይ እዚህ አታምጡብኝ።

ማሂ፦ በጆሮው ይሰማል እንዴ?

ጋሽ ፍሬ፦ ጆሮ አይደለም፣ ክንፍ ነው። እያርገበገበ ይዋኝበታል።

ናቲ፦ ጠላት ሲመጣበት ቀለም ይረጫል ኣ?

ጋሽ ፍሬ፦ የቀለም ከረጢት የለውም። በዛ በጥልቅ ባህር ጨለማ ጥቁር ቀለም ማንን ሊሸውድ? የዳሩን አታምጡ ብያለሁ።

ሄለን፦ ጋሼ፣ እናትየዋ እንቁላሏን ስትጠብቅ ትሞታለች የሚሉት እውነት ነው?

ጋሽ ፍሬ፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። እሷ የዳሯ ናት፣ አንዴ በገፍ ጥላ ሳትበላ ስትጠብቅ የምታልቀው። ባለ ክንፏ ግን ወቅት ብሎ ነገር የላትም፣ ሆዷ ውስጥ ጥሬውም የደረሰውም እንቁላል አንድ ላይ ነው የሚገኘው፣ እና የደረሰውን አንድ አንድ እያለች ትጥላለች፣ ጥልቅ ባህር ውስጥ ያለ ኮራል ላይ ለጠፍ አድርጋው መንገዷን ትቀጥላለች፣ አቃፊ የለው ጠባቂ የለው፣ ጠንካራ ሽፋኑ ብቻ። እ.ኤ.አ. 2005 ከሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ከወጣ ኮራል ላይ የተገኘ እንቁላል ሰው እያየው ተፈለፈለ፣ ጥናቱ 2018 ወጣ። ጫጩቷ ገና ከመውጣቷ በክንፏ ዋኘች! ሆዷ ውስጥ ደግሞ የአስኳል ስንቅ ይዛ።

ዮኒ፦ ይበላል ግን?

ቃል፦ ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት ነው የሚለው፣ ክንፉ ይኸው 😂

ዮኒ፦ ቅርፊቱስ?

ቃል፦ ግማሹን አሟልቷላ

ዮኒ፦ ግማሽ አይሠራም፣ ሁለቱም ነው

ጋሽ ፍሬ፦ እሱን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ሥጋው ራሱ እንደ ጄሊ ነው፣ ወጥ አይወጣውም።

ሰላም፦ ቀይ ባህር ውስጥስ?

ጋሽ ፍሬ፦ የቀይ ባህር ጥልቁ እንኳ 21 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እነዚህ የብርድ ናቸው። ቀጣይ።

ናቲ፦ ውሃው አይጨፈልቀውም?

ጋሽ ፍሬ፦ የሚጨፈለቀው አየር የያዘ ነገር ነው፣ እሱ ውስጥ አየር የለም። ሕንድ ውቅያኖስ፣ ጃቫ ትሬንች የሚባለው የባህር ወለል ገደል ውስጥ 6,957 ሜትር ላይ በካሜራ ተይዟል። ራስ ዳሸንን እዛ ብታሰጥመው ከጫፉ በላይ ገና ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ አለ።

ቢኒ፦ ስለ ዱምቦ ትንሽ ንገረን

ጋሽ ፍሬ፦ ምኑን? ዱምቦ የብዙ ዝርያ ቅጽል ስም ነው፣ የቱን?

ቢኒ፦ ማለቴ ቀለም ሲረጭ ምናምን

ጋሽ ፍሬ፦ ናቲ፣ አንተ መልስለት።