ከስልክ የምንሰማውን ትምህርት እንዴት እንፈትን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምኖረው በሪያድ በቤት ሠራተኝነት ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ቅዳሴውንም ስብከቱንም የምከታተለው በዩቲዩብና በቴሌግራም ነው። ነገር ግን ስለ ጾም አንዱ መምህር የሚናገረውን ሌላው ያፈርሰዋል። በቅርቡም የአንድ ጻድቅ ትንቢት የተባለ ጽሑፍ ደርሶኝ፣ «ለ10 ሰው ካላስተላለፍሽ መቅሠፍት ይደርስብሻል» ስለሚል ፈርቼ ላክሁት። በድዬ ይሆን? ወደፊትስ የትኛውን ልቀበል?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር የምትኖሪ ስለሆነ ስልኩን ተዪው አልልሽም። ሐዋርያው ጳውሎስም ሁሉን እንድንፈትንና መልካሙን እንድንይዝ አዝዟልና (1ኛ ተሰ. 5፥21) የሚያስፈልግሽ የመፈተኛውን መንገድ ማወቅ ነው።

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ እያነበበ ነበር። ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ሲጠይቀው፣ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ በሠረገላው አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው (ሐዋ. 8፥30-31)። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ፊደልና ንባብ ከሚጠናበት ከንባብ ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ እስከሚጠናበት እስከ መጻሕፍት ቤት ተማሪው ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ከማን እንደ ተማረ ሲጠየቅም መምህሩን በስሙ ይጠራል። በስልክሽ የምትሰሚውንም ሰባኪ ከማን እንደ ተማረ፣ በየትኛው ደብር እንደሚያገለግልና ቢሳሳት የሚያርመው ማን እንደ ሆነ መርምሪ። ስሙን ሰውሮ የሚያስተምር ከሆነ እለፊው። የተከታዮቹ ብዛት አያሳስትሽ፤ መቶ ሺህ ተከታይ ማዕርገ ክህነት አይሰጥም።

ስለ ጾም የሰማሽው መጣረስ ሁልጊዜ ከስሕተት የሚመጣ አይደለም። አንዱ መምህር ለጤነኛ፣ ሌላው ለታመመ ወይም ለነፍሰ ጡር የሰጠው ምክር ከረጅም ስብከት ተቆርጦ ለብቻው ሲሰራጭ እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል፤ ስለዚህ ከመደናገርሽ በፊት ስብከቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሚው። የራስሽን ጾምና ንስሐ በሚመለከት ግን ጤናሽንና የሥራሽን ክብደት ከማያውቅ ሰው ውሳኔ አትቀበዪ፤ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ምክራቸውን ጠይቂ። ቅዳሴውን በምስል መከታተልሽ መልካም ነው፤ ቅዱስ ቁርባንን ግን አይተካም።

ወደ ትንቢቱ ስንመለስ፣ የቅዱሳን ቃል በገድላቸውና የየዕለቱ የቅዱሳን ታሪክ በሚነበብበት መጽሐፍ በስንክሳር ተጽፎ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል። መልእክት ለተወሰነ ሰው ባለመላኩ መቅሠፍት ይመጣል የሚል ትምህርት ግን የላትም። አንቺ የላክሽው በፍርሃት እንጂ በክፋት ባለመሆኑ ልብሽ አይታወክ፤ ሆኖም ሕጉ ሐሰተኛ ወሬን እንዳንቀበል ስለሚያዝዝ (ዘፀ. 23፥1) ሳያጣሩ ማስተላለፍም ያስጠይቃል። ለላክሽላቸው ሰዎች ጽሑፉ ምንጩ ያልታወቀ መሆኑንና ለሌላ እንዳያስተላልፉት ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ለጥፈሽው ከሆነም አጥፊውና ያጠፋሽበትን ምክንያት እዚያው ግለጪ።