ሥጋ ውስጥ ስለገባ ጥፍር ጠይቁኝ

ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት ቁስል ሳጥብና ሳሽግ ኖሬያለሁ። በአንድ አውራ ጣት ምክንያት ስንቱ ሲያነክስ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጥፍሬ በጎኑ ገብቶ ያመኛል። ቀላ ብሏል እንጂ መግል የለውም። እቤት ምን ላድርግ?

መልስ፦ በጊዜ ነቅተሃል። ሞቅ ያለ፣ የማያቃጥል ውሃ ላይ ትንሽ ሳሙና ጨምርና እግርህን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ንከር። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ቆዳው ለስልሶ እያለ ያበጠውን ሥጋ በንጹሕ ጣት ከጥፍሩ ጠርዝ ቀስ እያልክ ግፋው። ከዚያ በደንብ አድርቅ፤ ቫዝሊን ቀባ አድርገህ በፋሻ ሸፍነው። ፊቱ ክፍት ወይም ሰፋ ያለ ጫማ አድርግ። ተመልሰህ ጠባብ ጫማ ውስጥ ከገባህ ግን ልፋትህን ውሃ በላው። ካመመህ ፓራሲታሞል ውሰድ።

ጥያቄ፦ ከጥፍሩ ሥር ጥጥ ማስገባት ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ ግን ለትዕግሥተኛ ነው። እግርሽን ከነከርሽ በኋላ ትንሽ ጥጥ እንደ ክር አቅጥነሽ ፍተዪና ከጥፍሩ ማዕዘን ሥር አስገቢ። ጥፍሩን ከሥጋው ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። በየቀኑ ቀይሪው፤ ያደረ ጥጥ ራሱ የጀርም ቤት ነው። የእግር ጥፍር በወር 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ በሳምንታት እንጂ በቀናት አትቁጠሪ። ስታስገቢው በጣም ካመመሽ ተይው።

ጥያቄ፦ የገባውን ጠርዝ ቆርጬ ባወጣውስ? አንዴ ልገላገል!

መልስ፦ ለጥቂት ቀን ትገላገያለሽ። ከዚያ ብሶ ይመጣል። ማዕዘኑን ቆፍረሽ ስትቆርጪ፣ ከታች ዓይንሽ የማያየው ስንጥር ይቀራል። ጥፍር ወደ ፊት ሲያድግ ያ ስንጥር እንደ እሾህ ሥጋውን እየወጋ ይመጣል። ሥጋው ያብጣል፤ ያበጠው ሥጋ ደግሞ ጥፍሩን ይውጠዋል። አንቺም ከበፊቱ ጠልቀሽ ትቆርጫለሽ። አዙሪቱ እንዲህ ነው። ተማሪ ሳለሁ እኔም በመቀስ ጫፍ ስቆፍር ሦስት ወር አነክሻለሁ፤ ከንግግሬ ይልቅ ከጣቴ ተማሪ። ማዕዘኑ አድጎ ከሥጋው በላይ ይውጣ፤ መፍትሔው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የጥፍሩን መሃል ሸረፍ ካደረጉት ጎኑ ወደ መሃል ይሰበሰባል ይላሉ።

መልስ፦ ወሬ ነው። ጥፍር የሚያድገው ከሥሩ ነው። ጫፉን ብትሸርፈው ሥሩ አይሰማም።

ጥያቄ፦ አባቴ የስኳር ሕመም አለባቸው። ይሄው ነገር ጀምሯቸዋል።

መልስ፦ እሳቸው ላይ እቤት ምንም አይሞከር። ስኳር የእግርን ስሜት ያደነዝዛል፤ የደም ዝውውሩንም ያዳክማል። ቁስሉ ሳያማቸው ሊሰፋ ይችላል፤ ውሃው ቢያቃጥላቸው እንኳ ላይሰማቸው ይችላል። ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይያቸው።

ጥያቄ፦ መግል ይዟል። አንቲባዮቲክ ገዝቼ ልዋጥ?

መልስ፦ በራስህ አትጀምር። እሾሁ ሳይነቀል መድኃኒት ብቻ መዋጥ ምን ይፈይዳል? ታከም። ቅላቱ ወደ እግርህ እየተስፋፋ ከሆነ ወይም ካተኮሰህ ዛሬውኑ ሂድ።

ጥያቄ፦ ሐኪም ጋ ብሄድ ጥፍሬን ሙሉ ይነቅሉታል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በጎን ያለው ቀጭን ቁራጭ ብቻ ነው። ጣትህ ሥር ማደንዘዣ ይወጉሃል፤ እውነቱን ለመናገር መርፌው ያማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕመም አይሰማህም። ከተመላለሰብህ የዚያን ጎን ሥር ፊኖል በሚባል ኬሚካል ያደርቁታል፤ በዚያ በኩል ተመልሶ እንዳይበቅል። ሙሉ ጥፍር ቢነቀል ግን የአውራ ጣት ጥፍር ተመልሶ እስኪሞላ ዓመት ከመንፈቅ ሊፈጅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዳነልኝ። እንዳይመለስ እንዴት ልቁረጠው?

መልስ፦ ቀጥ አድርገሽ፣ ከጣትሽ ጫፍ እኩል። እንደ እጅ ጥፍር አታክብቢው። ማዕዘኑ ካልሲ ከያዘ በሞረድ ለስለስ አድርጊው። ጫማ ስትገዢ ደግሞ ወደ ማታ ለኪ፤ እግር ሲውል ያብጣል።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ የኳስ ጨዋታ አለብኝ። ጣቴን ጠበቅ አድርጌ አስሬ ብገባስ?

መልስ፦ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ በል። በክፍት ጫማ።