ቆጣሪ ፓስፖርት አያይም

ጥያቄ፦ ከካናዳ ከመጣሁ ስድስት ወሬ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ቤት ተከራይቻለሁ። ጎረቤቶቼ ለመብራት የሚከፍሉት የኔን ሩብ አይሞላም። የውጭ ፓስፖርት ስላለኝ ይሆን?

መልስ፦ አቦ እህቴ፣ ቆጣሪ የሚያየው ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው! የቤት ታሪፋችን ደግሞ በእርከን ነው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፣ ከዚያ ፍጆታሽ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም እየወጣ ይሄዳል፣ የመጨረሻው እርከን ከ500 በላይ ነው። ኤሲ አለሽ አይደል? (ከካናዳ መጥቶ የድሬን ግንቦት ያለ ኤሲ የቻለ ሰው አላየሁም።) 1.5 ኪሎዋት የሚስብ ኤሲ በቀን 8 ሰዓት ሳያርፍ ቢሠራ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ በወር 360። ቬንቲሌተር ግን 70 ዋት ገደማ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ቢዞር እንኳ አንድ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ቦይለሩንም አጥፊው። ጣሪያ ላይ ያለው የሮቶ ውሃ ከሰዓት በኋላ እጅ ያቃጥላል እኮ!

አንድ ነገር ግን አጣሪ። ማታ ዋናውን ብሬከር አውርጂና ቆጣሪውን እዪው። ትንሿ ቀይ መብራት አሁንም ብልጭ ድርግም ካለች ሌላ ቤት ካንቺ መስመር እየሳበ ሊሆን ይችላል። እኔ ተከራይ ሳለሁ የሰርቪስ ቤቱ መስመር ከኔ ቆጣሪ ተቀጥሎ አግኝቻለሁ፤ የማላውቀውን ሰው ፍሪጅ ዓመት ሙሉ ሳቀዘቅዝ ኖሬያለሁ። እንዲህ ከሆነ ሽቦውን እንዳትነካኪ፣ አከራይሽን ጠርተሽ ብልጭታውን አሳዪውና ኤሌክትሪሺያን ያምጣ።