ኩኪው ሲጠፋ ሴቲንጉም አብሮ ይጠፋል

እህቴ፣ «ከጉግል ወጥቼ ዳክዳክጎን ጀመርኩ፣ ገጹ ግን አልለመድ አለኝ፤ በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። ለዓይን የሚቀለው የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ዳክዳክጎ እንደ ጉግል መፈለጊያ ነው፤ ተጠቃሚውን አልከታተልም የሚል። እኔም ሁለቴ ወጥቼ ሁለቴ ተመልሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የመለሰኝ የገጹ አቀማመጥ ነው እንጂ ውጤቱ አልነበረም።

ዓይንና እጅ ለዓመታት አንድ ገጽ ለምደዋል። የምስሉ ቁልፍ የት እንዳለ፣ በቀን ማጣሪያው የት እንደሆነ ሳናስብ እንነካለን። አዲስ ገጽ ላይ ግን በሰው ወጥ ቤት ማንኪያ እንደመፈለግ ነው።

ስለዚህ ከመፍረድሽ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ግቢ። ዳክዳክጎ ላይ የፊደሉን ዓይነትና መጠን፣ የገጹን ስፋትና ቀለም መቀየር ይቻላል። ማስታወቂያውን ማጥፋትም ይቻላል። እኔ ፊደሉን ከፍ፣ ገጹን ጠበብ ሳደርገው ንባቡ በጣም ቀለለኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። አካውንት ስለሌለ ምርጫሽ የሚቀመጠው ብሮውዘርሽ ውስጥ ባለ ኩኪ፣ ማለትም ድረ ገጹ በሚያስቀምጠው ትንሽ ማስታወሻ ነው። እኔ ደግሞ ብሮውዘሬ በተዘጋ ቁጥር ኩኪ እንዲያጠፋ አድርጌው ነበር። በማግስቱ ሁሉም ነገር ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ምክንያቱን እስካውቅ ድረስ ሳምንታት ተናደድኩ። መፍትሔው ቀላል ነው። ስታርትፔጅ የሚባለው ሌላ መፈለጊያ ምርጫሽን በውስጡ የያዘ ሊንክ ያዘጋጅልሻል። ያንን ሆምፔጅ አድርጊው፤ ኩኪ ቢጠፋም ገጹ እንዳስተካከልሽው ይከፈታል። ዳክዳክጎም ምርጫን በሊንክ ይቀበላል።

ዓይንሽ ጉግልን ከለመደ በስታርትፔጅ ጀምሪ እላለሁ። ውጤት ከጉግልም ስለሚወስድ ብዙ እንግዳ አይሆንብሽም። ከእያንዳንዱ ውጤት አጠገብ ስም ሳይታወቅ መክፈቻ አለ፤ ገጹን በስታርትፔጅ በኩል ያመጣልሻል። ይህ ለማንበብ እንጂ አካውንት ለመግባት አይሆንም።

ብሬቭ ሰርች በ2021 የወጣ ነው፤ የራሱ ኢንዴክስ፣ ማለትም የድረ ገጾች ማውጫ አለው። ከላይ የሚመጣው የኤአይ ማጠቃለያ ቦታ ከያዘብሽ ከሴቲንግ አጥፊው። ሞጂክም ድረ ገጾችን ራሱ ነው የሚያስሰው፣ ገጹም ጭር ያለ ነው። ከሌሎች መፈለጊያዎች ውጤት የሚሰበስበውን ሲርኤክስኤንጂን ግን የተለያዩ ሰዎች በየራሳቸው ሰርቨር ያስኬዱታል። መልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊለያይ ይችላል፤ የምታምኚውም ሰርቨሩን የሚያስኬደውን ሰው ነው። ለጀማሪ አልመክረውም።

ዳክዳክጎን ካልጠላሽው ባንግ የሚሉትን ልመጂ። ከምትፈልጊው ቃል በፊት ቃለ አጋኖና የላቲኗን ደብልዩ አያይዘሽ ከጻፍሽ በቀጥታ ዊኪፒዲያ ውስጥ ይፈልግልሻል። እኔን በመጨረሻ ያስቀረኝ ይህ ነው፤ የውጤቱን ገጽ ያስዘልላል። ግን ልብ በዪ፣ የሄድሽበት ድረ ገጽ እንደማንኛውም ጊዜ ያይሻል። ጥበቃው እዚያ ያበቃል።

የመረጥሽውን ብሮውዘርሽ ላይ ዋና መፈለጊያ አድርጊው። አድራሻ መጻፊያው ላይ ጽፈሽ ብቻ ካልፈለግሽ እጅሽ ወደ ድሮው ይሄዳል። ከሁሉ በፊት ግን ብሮውዘርሽ ሲዘጋ ኩኪ ያጠፋ እንደሆነ እዪ።